ካሳን አወቅነው፤ ቋራንስ?

ሁለት ስም ልጥራላችሁ፤ ቋራና መተማ። ስትሰሙ መጀመሪያ ወደ ልባችሁ የመጣው ምንድን ነው?

ይህንኑ ጥያቄ ገንዳ ውኃ ላይ ለወጣቶች ኅብረታችን አቅርቤው ነበር። ለቋራ ሁሉም በአንድ አፍ «ካሳ!» አሉ። ለመተማ «አፄ ዮሐንስ የወደቁበት» ተባለ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ወንድም ብቻ «ሰሊጥ» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። እሱ ከደጋ ለሳሉግነት ወርዶ እዚሁ የቀረ ልጅ ነው። ቀጥዬ «ይህን ከየት አወቃችሁት?» ስል ግን ሳቁ ጋብ አለ። ከክፍል ትምህርት ያሉ ነበሩ። የሚበዙት ግን ካሳን ያገኙት በልቦለድ፣ በቴአትርና በግጥም መሆኑን አመኑ። እኔም ከእነሱ የተለየሁ አይደለሁም። በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ቴዎድሮስን ከመቅደላ ጋር የቀበርኩት በልቦለድ ገጽ ላይ ነው፤ አልቅሼም ነበር።

እዚህ ላይ የሚያስገርመው ነገር አለ። የተጠየቁት ልጆች የሚኖሩት በዚሁ ቆላ ነው። ከመስኮታቸው ውጭ የሚታየው ካሳ የሸፈተበት በረሃ ነው። አገራቸውን ግን የሚያውቁት በአንድ ጀግና በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ልቦለዶቻችን ያለኝን ሐሳብ ሳካፍላችሁ ከዚህ ጥያቄ አልወጣም፤ የታሪክ ልቦለድ፣ የፍቅር ልቦለድ፣ ምናባዊ ልቦለድ ይህን ቆላ ምን አደረጉት?

በመጀመሪያ ግን አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ የያዛችሁትን ጥያቄ ልመልስ። «ለመሆኑ አማኝ ልቦለድ ያነባል ወይ?» በብዙ ኅብረቶች የሚነሳ ጥያቄ ነው። «የፈጠራ ወሬ ነው፤ ጊዜ ያባክናል፤ ልብ ያሸፍታል» የሚሉ ታላላቆች አሉን፤ ሁሉም ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን የገሠጸው በምንድን ነው? ስለ አንዲት የድኻ በግ በፈጠረው ታሪክ ነው (2ኛ ሳሙኤል 12)። ዳዊት ታሪኩን እውነት መስሎት ተቆጣ፤ ቁጣውም ተመልሶ ራሱን ያዘው። ኢዮአታምም በገሪዛን ተራራ ላይ ቆሞ ዛፎችን ያናገረው (መሳፍንት 9) ዛሬ ብንሰማው ምናባዊ ታሪክ የምንለው ነው። ጥያቄው ታሪኩ በልብ መፈጠሩ ላይ አይደለም። በየትኛው ልብ፣ ስለ ማን ተፈጠረ የሚለው ነው።

በአማርኛ ደግሞ ይህ ጉዳይ ከእኛ ቤት ሩቅ አይደለም። ብዙዎቻችሁ የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ መሆኑን ታውቃላችሁ። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፤ ርዕሱም «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። ዛሬ ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ ሁሉ የምንጠቀምበት ስም ከዚያ የመጣ ነው። ነገር ግን ከእርሱ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ የጆን ቡንያን የክርስቲያን ጉዞ በገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ተርጓሚነት በአማርኛ ታትሞ ነበር። የታተመው ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው የቅዱስ ክሪስቾና የወንጌል ተልእኮ ማተሚያ ነው። ሸክም የተሸከመ ሰው፣ የተስፋ መቁረጥ ረግረግ፣ የጥርጥር ግንብ! ምናባዊ ልቦለድ በአማርኛ የታተመው በወንጌል መልእክተኞች እጅ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ የቡንያንን መንገድ ይዘው ነው።

ክሪስቾና የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ ወደ መተማ የሚወስደን እርሱ ነው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የክሪስቾና ሰዎች «የሐዋርያት መንገድ» ብለው የሰየሙት ዕቅድ ነበራቸው። ከእስክንድርያ ጀምሮ በዓባይ ሸለቆ እስከ ጎንደር ድረስ 12 ጣቢያ ሊያቆሙ፣ ለእያንዳንዱም የሐዋርያ ስም ሊሰጡ አሰቡ። አሥራ ሁለቱም አልተሟሉም። ከተከፈቱት ጥቂቶች አንዱ ግን መተማ ነበር። ወባው፣ ንዳዱ፣ ርቀቱ ዕቅዱን በላው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ተተወ። ዛሬ በሚኒባስ ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ ስትወርዱ በዚያ ሙቀት መጽሐፍ በግመል ጭኖ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው አስቡ። ይህ ሰው በየትኛውም ባነበብኩት ልቦለድ ውስጥ የለም።

ካሳ ግን አለ። በብዛት አለ።

የአማርኛ ደራሲዎች ቴዎድሮስን የወደዱትን ያህል የወደዱት ሰው ያለ አይመስለኝም። በ1940ዎቹ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴአትር፣ ቆይቶም ጸጋዬ ገብረ መድኅን በመድረክ አመጡት። የጎንደሩ ብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ እንባ»ን፣ ከዓመታት በኋላም «የታንጉት ምስጢር»ን ጻፈ። አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» አለ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1974 በእንግሊዝኛ ጻፈው። ለምን ወደዱት? ከድኻ ወገን የተነሣ፣ ባላባቶችን ያንበረከከ፣ አገር አንድ ላድርግ ያለ፣ በመጨረሻም እጁን ለጠላት ያልሰጠ ሰው ነው። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ለውጥ የናፈቀ ወጣት ምሁር በእርሱ ውስጥ ራሱን አየ። ይህ ምንም ክፋት የለውም። እንዲያውም ልቦለድ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ይህ ነው።

ይሁንና እነዚህን መጻሕፍት እንደገና ሳነብ አንድ ነገር እየከነከነኝ መጣ። ቋራ በውስጣቸው መነሻ ብቻ ናት። ካሳ ይወለድባታል፣ ይሸፍትባታል፣ ከዚያ ትቶአት ይወጣል። በረሃው የጀግናው መፈተኛ ነው እንጂ ሰው የሚኖርበት አገር አይመስልም። ማሽላ የሚዘራ፣ ጥጥ የሚለቅም፣ በወባ ልጁን የሚቀብር ቆለኛ በገጹ ላይ ከታየም መንገድ ለማሳየት ነው። ጉሙዙ ወገናችን ጭራሽ አይናገርም።

ታሪኩ ግን ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ሲወለድ ቋራ የጎንደር ጓሮ አልነበረችም፤ የሁለት መንግሥታት መገናኛ ደፍ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ከማዶ የመሐመድ ዓሊ ግብፅ ሱዳንን ይዛ ወደ ምሥራቅ መግፋት ጀመረች። የካሳ ዘመድና አሳዳጊ ደጃዝማች ክንፉ እ.ኤ.አ. በ1837 የግብፅን ጦር በዚሁ ወሰን ላይ ድል አደረገ። ካሳም በተራው፣ እ.ኤ.አ. በ1848፣ የአባቶቹን ድል ሊደግም ወደ ሱዳን ዘልቆ ደባርቂ ላይ ገጠመ። አልሆነም። በምሽግ ውስጥ ያለ፣ የሠለጠነና መድፍ ያለው ጦር የቆላውን ልጆች አጨዳቸው። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች የቴዎድሮስን የመድፍና የዘመናዊ ጦር ጥማት ከዚህ ሽንፈት ጋር ያያይዙታል።

እዚህ ላይ የኛ ቤት ታሪክ ከቆላው ታሪክ ጋር ይገናኛል፤ መገናኘቱም አያኮራም። ደባርቂ ላይ መድፍ የቀመሰው ሰው ነገሠ። ነግሦም ከኢየሩሳሌሙ ጳጳስ ከሳሙኤል ጎባት በኩል የመጡትን የክሪስቾና የእጅ ባለሙያ ወንጌላውያን አገኘ። እነሱ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው፣ በእጅ ሙያቸው እየኖሩ ሊያስተምሩ መጥተው ነበር። እርሱ ደግሞ «መድፍ ሥሩልኝ» አላቸው። አያውቁም ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ዋልድማየር፣ ዛልሙለርና ጓደኞቻቸው እየሞከሩ፣ እየከሸፈባቸው፣ ደግመው እየሞከሩ በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። እስከ መቅደላ ተጎተተ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ቴዎድሮስን የጻፉ ደራሲዎች በሴባስቶፖል ጉተታ ይደሰታሉ፤ በእውነትም ድንቅ ትዕይንት ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ የቀለጣዎቹ ልብ ነው። ወንጌል ሊሰብክ የመጣ ሰው ማታ ማታ መድፍ አቅልጦ ሲገባ ምን ብሎ ይጸልያል? ይህን የሚጠይቅ ልቦለድ ቢኖር አንድ ሌሊት ሳልተኛ አነበዋለሁ።

ሌላው የወንጌል መልእክተኛ ሔንሪ ስተርን ነው። የእርሱ ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ሁሉ ይነገር። ስተርን ቤተ እስራኤላውያንን ሊያገለግል መጣ፤ አገሩ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ1862 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የቴዎድሮስ እናት በችግር ዘመናቸው ኮሶ እስከ መሸጥ ደርሰው እንደነበር ጻፈ። የንጉሡ ጠላቶች ለዓመታት ሲሰድቡበት የኖሩበት ቃል ነበር። ስተርን ተመልሶ ሲመጣ መጽሐፉ ተገኘ፣ ተተረጎመ፣ ተነበበ። ታስሮ ዓመታት በሰንሰለት ቆየ። የእርሱና የእንግሊዙ ቆንስል መታሰር ነው እንግዲህ መጨረሻ ላይ የናፒየርን ጦር የጠራው። ቅጣቱ ጭካኔ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የሰውን እናት ለአንባቢ ማጣፈጫ ማድረግም ቀላል ነገር አይደለም። ከመቶ ዓመት በኋላ አቤ ጉበኛ የዚያኑ ሰው ታሪክ ሲጽፍ በርዕሱ ላይ እናቱን አስቀመጠ። ሁለት ጸሐፊዎች፣ አንዲት እናት። የትኛው እንደወደዳት መናገር አያስፈልገኝም።

ወደ ፍቅር ልቦለድ ልሻገር። እህቶች «እስቲ ስለ ፍቅርም በል» ሳትሉኝ አልቀራችሁም።

ካሳ ታላቅ የፍቅር ታሪክ አለው፤ ተዋበች። የራስ ዓሊ ልጅ፣ የእቴጌ መነን የልጅ ልጅ ናት። የተዳረችለት ሽፍታውን በጋብቻ ለማሰር ነው፤ ፖለቲካ ነበር። እርስዋ ግን ባልዋን መረጠች፤ ከአባቷና ከአያቷ ይልቅ ከእርሱ ጋር ቆመች። በደባርቂ ቆስሎ ሲመለስ መነን ለሐኪሙ ክፍያ ሙሉ ከብት ነፍገው ብልት ሥጋ ላኩ፤ ተዋበችም ይህን ንቀት እንዳይቀበል አስቆጣችው ተብሎ ይተረካል። እ.ኤ.አ. በ1858 ስትሞት ንጉሡ ለረጅም ጊዜ አዘነ፤ ከዚያ ወዲያ ጠባዩ እንደተለወጠ ብዙዎች ጽፈዋል። ደራሲዎቻችን ይህን ሁሉ በደስታ ተጠቅመውበታል። ቅሬታዬ አንዲት ናት፤ ተዋበች በአብዛኛው የባልዋን ልብ የምታሳይ መስተዋት ሆና ትቀራለች። አባቷን የከዳች ልጅ ሌሊት ምን ታስባለች? «የታንጉት ምስጢር» ላይ ቢያንስ ርዕሱ የንጉሥ ሳይሆን የሴት ስም በመሆኑ ብርሃኑ ዘሪሁንን አመሰግነዋለሁ።

ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጋር አነጻጽሩት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ንጉሥ የለውም፤ ጦርነት የለውም ማለት ይቻላል። የጎጃም የስለት ልጅ በዛብህ፣ የፊታውራሪ ልጅ ሰብለ ወንጌል፣ እብድ የሚባለው ጉዱ ካሣ ብቻ ናቸው። ነገር ግን አንብባችሁ ስትጨርሱ የጎጃምን ገበሬ ጭሰኝነት፣ የቆሎ ተማሪን ረኃብ፣ የባላባትን ኩራት ታውቃላችሁ። አገሩን ከነሰዉ ታዩታላችሁ። አንዳንድ ወንድሞች መጨረሻው ተስፋ የሌለው ነው ብለው አይወዱትም። እኔም የሰብለ መከራ ልክ አልፎብኛል። ሆኖም ጎጃም የሐዲስን ያህል የሚያያት ደራሲ አገኘች፤ ቋራና መተማ ገና አላገኙም። በቅርብ ዓመታት በየመንገዱ የሚሸጡት የፍቅር ልቦለዶች ደግሞ፣ ከእጄ የገቡት በሙሉ ማለት ይቻላል፣ አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ይጀምራሉ፤ በዚያው ያልቃሉ። ጥሩዎች አሉባቸው፤ አልካድኩም። የሰሊጥ አጨዳ ላይ የሚተዋወቁ ሁለት ወጣቶች ግን የሉባቸውም። በየዓመቱ ስንት ሺህ ሰው ወደዚህ ቆላ እንደሚወርድ የምታውቁ ፍረዱ።

አሁን ወደ መተማ ልምጣ፤ ከልቤ የምናገረው እዚህ ላይ ነው።

አፈወርቅ የጻፈውን የመጀመሪያውን ልቦለዳችንን አስታውሱ። አንድ ክርስቲያን ደጃዝማች በጦርነት ይማረካል። አንድ ለጋስ ነጋዴ ይቤዠዋል። መንትያ ልጆቹ ዋሕድና ጦቢያ ናቸው። ዋሕድ የነጋዴውን ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባርነት ይሸጣል፤ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። ፍቅር፣ ጦርነት፣ ጀብድ፣ ሁሉም በአንድ ትንሽ መጽሐፍ ውስጥ አለ። ስናነብ ተረት ይመስለናል። መተማ ላይ ግን ተረት አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን የመተማ ገበያ ቡና፣ ሰም፣ ጥጥ፣ ፈረስና በቅሎ የሚሸጥበት ብቻ ሳይሆን ሰው የሚሸጥበት ነበር። ከደቡብ የመጡ ልጃገረዶች፣ ከዚሁ ከቆላው የታፈኑ ጉሙዞች ወደ ሱዳንና ወደ ዓረብ ይነዱ ነበር። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1862 አይቶ ጽፎታል። የአፈወርቅ ዋሕድ የሚፈልጉት አባትና እኅት ነበሩት። ለእነዚያ ልጃገረዶች ግን ጦቢያ አልመጣችላቸውም።

በዚያው ገበያ ላይ ሼህ ጁማ የሚባል ሰው ነበር። የተክሩር ሰዎች አለቃ ነው፤ ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያም ወዲያ ለመካ ጉዞ ወጥተው በመንገድ የቀሩ፣ መተማን የሠፈሩባት ሙስሊሞች ናቸው። ሼህ ጁማ ከአንድ ወገን ለቴዎድሮስ፣ ከሌላ ወገን ለግብፆች ይገብር ነበር። ለሁለቱም! ራሳም የተባለው የእንግሊዝ መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1865 መጨረሻ የቴዎድሮስን ፈቃድ ሲጠብቅ የሰነበተው በዚህ ሰው ከተማ ነው። ከከሃዲነት ይልቅ የድንበር ሰው ጥበብ ይመስለኛል። ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን እየፈሩ፣ ገበያውንም ሳይዘጉ መኖር! እንዲህ ያለ ገጸ ባሕርይ ሌላ አገር ቢገኝ ሦስት ልቦለድ ይጻፍበት ነበር።

ልቦለዶቻችን ግን መተማን የሚያውቋት በአንድ ቀን ነው፤ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም.። የዚያን ቀን ጦርነት ታውቃላችሁ። ድል ወደ እኛ ካዘነበለ በኋላ አፄ ዮሐንስ ተመቱ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። አስከሬናቸው በደርቡሾች እጅ ወደቀ፤ ራሳቸውም ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚያ በፊት በ1880 ዓ.ም. አቡ አንጃ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሳር ውኃ ላይ ድል አድርጎ ጎንደርን አቃጥሏል፤ እልፍ ሴትና ሕፃን ማርኮ በዚሁ በመተማ በኩል አሻግሯል። ከዚያም በፊት፣ በ1879 ዓ.ም.፣ የተክለ ሃይማኖት ጦር መተማን አቃጥሏል። ይህኛውን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን። ጎንደርን ያቃጠለ የመጀመሪያው ደርቡሽ አለመሆኑንም እንረሳለን፤ ከ20 ዓመት ቀደም ብሎ ቤተ ክርስቲያኖችዋን የዘረፈና ያቃጠለ የራሳችን ቴዎድሮስ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ደብዳቤ አለ። ከመተማው ጦርነት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ አፄ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ሰላም እንዲሆን ጻፉ። በሁለታችን ጠብ የሚያልቀው ድኻው ነው፤ የሁለታችንም ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው አውሮፓዊ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። መልሱ ስድብ ሆነ። ብዙ ሳይቆይ አቡ አንጃም በሕመም ሞተ፤ በቦታው ዘኪ ጡማል ተተካ፤ የቀረውን ታውቁታላችሁ። ዮሐንስን ጻድቅ ላድርጋቸው አልፈልግም። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎን ሙስሊሞች በአዋጅ ተጠመቁ ያሉ ንጉሥ ናቸው። በነገራችን ላይ የ«ጦቢያ»ም መጨረሻ እንዲሁ ነው፤ ንጉሡ ስላመነ ሕዝቡ ሁሉ ያምናል። አፈወርቅን የማልከተለው እዚህ ላይ ነው። እንደኛ ያለ አንባቢ እምነት በንጉሥ ትእዛዝ እንደማይወረስ ያውቃል። ይሁን እንጂ ያን ደብዳቤ የጻፈች እጅ፣ ይዞት ወደ መተማ የወረደው መልእክተኛ፣ አቡ አንጃ ሲያነበው የነበረው ፊት! ስለ መተማ ልቦለድ ልጽፍ የምትሉ ካላችሁ ከጦሩ ሜዳ አትጀምሩ፤ ከዚህ ጀምሩ።

ምክንያቱም ባነበብኳቸው ታሪኮች ሁሉ ደርቡሽ ፊት የለውም። ይመጣል፣ ያርዳል፣ ይታረዳል። ስም የለውም፤ እናት የለውም። ብዙዎቻችሁ የምትወዱት ሲ. ኤስ. ሉዊስ በናርንያ ታሪኮቹ የደቡብ በረሃ ጠላቶችን ሲስል አድልቷል ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው ተገቢ ይመስለኛል። ሆኖም በመጨረሻው መጽሐፉ፣ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ከእነዚያው ጠላቶች ወገን ኤሜት የሚባል አንድ ወጣት ወታደር አስገባና አስላን ራሱ በፍቅር ተቀበለው። ስለ ነገረ መለኮቱ በኅብረታችሁ ተከራከሩበት። እኔ የምወድለት ከጠላት መካከል አንዱን ነጥሎ ስም መስጠቱን ነው።

የኛዎቹ ምናባዊ ልቦለዶችስ? በ2000ዎቹ ዓመታት የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በወጣ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ያስታወሳችሁ አላችሁ። ጣና፣ ገዳማቱ፣ ስለላ፣ ከዘመኑ የቀደመ የኢትዮጵያ ሳይንስ ሁሉም አሉበት። ንባብ የማያውቀውን ልጅ ሁሉ አንባቢ አድርጎታል፤ ለዚህ ብቻ ባርኮት ይገባዋል። ቋንቋው አንዳንድ ቦታ ይጮኻል፤ ያው ወጣትነት ነው። እኔን ያሳሰበኝ ምኞቱ ነው፤ ታላቅ ነበርን፣ ምስጢር ደብቀናል፣ አንድ ቀን ዓለምን እናስደንቃለን። ደስ የሚል ሕልም ነው። ከጣና ማዶ ወደ ምዕራብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ያለው ሰው ግን በሕልሙ ውስጥ ቦታ የለውም።

እነዚህን ሁሉ የማወራው ለሥነ ጽሑፍ ብቻ አስቤ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ በመተማ ዮሐንስና በገላባት መካከል ባለችው ትንሽ ድልድይ በኩል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ እኛ ተሻገሩ። ሱዳናውያን ነበሩ፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ የራሳችን ሰዎች ነበሩ፣ የሌላ አገር ሰዎችም ነበሩ። ኩመርና አውላላ ላይ የስደተኛ መጠለያ ተሠራላቸው። የዚያን ሰሞን ከኅብረታችን ልጆች አንዱ፣ መልካም ልጅ፣ ታሪክ የሚወድ ልጅ፣ እንዲህ አለ፤ «እነዚህ እኮ የንጉሣችንን አንገት የቆረጡ ናቸው።» ክፉ ልብ አልነበረውም። ያነበበውን ነው የተናገረው። ውኃ ልንወስድላቸው ጀሪካን እየቆጠርን ነበር፤ ለጥቂት ጊዜ ሁላችንም ዝም አልን። እኔም ምን እንደምመልስለት አላወቅሁም፤ ምክንያቱም በእርሱ ዕድሜ ያንኑ መጽሐፍ ያነበብኩ፣ ያንኑ የማስብ ነበርኩ። በኋላ ልጁ ራሱ ጀሪካኑን ተሸክሞ ሄደ። ማታ ሲመለስ አንድ የኦምዱርማን መምህር አማርኛ እንዳናገረው ነገረን፤ ሴት አያቱ የጎንደር ሰው ነበሩ አሉ።

እንዴት ወደዚያ እንደሄዱ አልጠየቀውም። ልንገምት ግን እንችላለን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከጸሎት በኋላ የምንሰበሰብ አምስት ስድስት ሰዎች ሆነን፣ አንዳንዶቻችን እያነበብን፣ አንዳንዶቻችን እየጻፍን ነው። የሚጻፈው አብዛኛው ገና ጥሬ ነው፤ የኔውም ጭምር። አንዲት እህት ግን ሁለት ገጽ ይዛ መጣች። ታሪኩ የሚጀምረው በሼህ ጁማ ገበያ፣ በግመሎቹና በሰም ክምሩ መካከል፣ ዳስ ጥላ ሥር የተቀመጠች አንዲት የአሥር ዓመት ልጅ ላይ ነው። ዋጋዋን የሚጠይቅ ሰው እየቀረበ ነው። ሁለተኛው ገጽ እዚያ ላይ ያልቃል። ልጅቷ ስም የላትም፤ አንዱ «ጦቢያ በያት» አለ፣ ሌላው «ተዋበች» አለ። ጸሐፊዋ ሁለቱንም አልተቀበለችም። ባለፈው ቅዳሜ ደግመን ስንጠይቃት «ገና አልነገረችኝም» አለችን።